ዳግም አረቄ የጠጣው ካሚዮን

በመጠጥ ነገር ሰውና መኪና ለየቅል ናቸው። ሰው ጥቂት ቀምሶ ሩቅ ይሄዳል፣ በአፉም ቢሆን። መኪና ግን አረቄ ከሰጣችሁት ብዙ ይጠጣል፣ ትንሽ ይሄዳል። ይህን ያወቅሁት ቤንዚን ላይ ኢታኖል ይጨመራል የሚለውን ወሬ ሰምቼ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ኢታኖል የምትሉትን እኛ በጣሊያን ጊዜ በመኪና ሞክረነዋል።

አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ዓመቱ እንደ ዓመት አይቆጠርለትም። አጎቴ ወልዴ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት መንገዱ በጦርነት ተዘግቶበት ቀርቷል። አያቴም “የበኩር ልጄ ሳይመጣ በሬው አይታረድም” ብለው ልከውበታል። ሽማግሌው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከዚህ በኋላ ስንት መስቀል እንደሚደርሱ እግዜር ይወቅ። አጎቴ ለእሳቸው ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ በገረወይና አስሞልቶ፣ እኔን አስከትሎ፣ ለጣሊያን መንገድ ሥራ ሲሚንቶ በሚያመላልስ ካሚዮን ላይ ወጣ። ሾፌሩ ደግፌ የአገራችን ልጅ ነው።

ወሊሶን እንዳለፍን ካሚዮኑ ቀጥ አለ። ለካ የቤንዚኑ ቱቦ ተሰንጥቆ መንገዱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ደግፌ ስንጥቁ ላይ ሳሙና ለጥፎ በጨርቅ አሰረው። ቤንዚንስ ከየት ይምጣ? ያኔ ወታደር ዘብ ቆሞለት የሚሰፈር ነገር ነው።

አጎቴ ገረወይናውን አየ። ድንጋይ ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት ጫረበት። በሰማያዊ ነደደ።

“ከዚህ ወልቂጤ ገረወይና ቤንዚን ይበቃሃል?”

“ይተርፈኛል እንጂ!” አለ ደግፌ።

“እንግዲያው ይኸው ገረወይና።”

ነጋዴ አይደል? ስፍሩ እኩል ከሆነ መንገዱም እኩል መሰለው። የአባቱን አረቄ ካሚዮኑ ውስጥ ገለበጠው።

ቁልቁለት ላይ ገፍተን አስነሣነው። ካሚዮኑ አስነጠሰ፣ ትንሽ አሰበ፣ ሄደ። ሽታው አይነገርም፤ መንገደኛው ሁሉ የሰከርነው እኛ መስለነዋል። ደግፌ የቤንዚኑን ፔዳል ከወለሉ ቢያጣብቅም ጉልበት የለም። አረቄው መንገዱን አጋምሶ ጥቂት እንደጨመረ አለቀ። የቀረውን በእግራችን አስነካነው። አጎቴ ባዶ እጁን ሲራመድ ሳየው አንጀቴን በላው።

በነጋታው አያቴ ቤት ስንደርስ በሬው እንደታሰረ ነው፤ ቢላዋው ተስሏል። አያቴ የልጃቸውን ፊት ዳብሰው አወቁት። አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። ከዚያ አሸተቱት።

“አረቄ አረቄ ትሸታለህ። የኔስ?”

“አባባ፣ የእርስዎን እኔን ለማምጣት መኪና ጠጣው።”

“እስከዚህ አመጣህ?”

“ኧረ መንገድ ላይ ጥሎኝ ቀረ።”

“አባከንከው!” አሉ አያቴ። “ለእኔ ብትልክልኝ ኖሮ፣ እኔው አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ እወስድህ ነበር።”

ቢላዋውንም ለአጎቴ ሰጡት።