የአመድ መዋጮ

ከስልጠና የተመለሰ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የተሰጠውን ቦርሳ አንግቶ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እግዜር ይስጥልኝ ማለት እንኳ «ከአቅም ግንባታ አንጻር» ካልሆነ አይሆንለትም።

የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ሲሳይ፣ የፋብሪካ አመድ ከስሚንቶው ከፊሉን እንደሚተካ ሰልጥኖ መጣ። ነገሩስ እውነት ነው አሉ። ችግሩ ላስታ ውስጥ ፋብሪካ የለም። ታዲያ ይኼ የሰለጠነ ሰው ያቆማል? ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ለሚሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ እያንዳንዱ አባወራ ከምድጃው አንድ ቁና አመድ እንዲያዋጣ ታዘዘ። እኛም ዝቀን ሰጠን፤ ከስሚንቶው ጋር ተቦካ።

የምረቃው ዕለት ውሃው ሲሞላ ግድግዳው መጀመሪያ አላበው፣ ቀጥሎ ተናደ። ውሃው እንስራ ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች አልፎ ገደል ገባ።

በማግስቱ ለግምገማ ተጠራን። ሲሳይ ተነሣና፣ «ኅብረተሰቡ ያዋጣው አመድ የጥራት ችግር አለበት» አለ።

ከገደሉ ሥር ውሃ በጀርባቸው የሚያወጡት ጎረቤቴ እማሆይ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ምድጃዬ ሂሱን ተቀብሏል። አሁን ውሃውን ከየት እንቅዳ?»

ሲሳይ ቦርሳውን አንግቶ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ወጣ፤ ለጥራት ስልጠና ተጠርቷል።