ክቡር ተቆጣጣሪ ዱዌይን አዲሱን ሜዳ ሲመረምሩ

አንድ ነገር ታድሶ ሪባን በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ፣ ከጭብጨባው ኋላ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ራሱን የሚነቀንቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ድልድይ ይሁን፣ የጸጉር ቤት ወንበር ይሁን፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይሁን ለእሱ ልዩነት የለውም። የድሮውን ያውቃል። አዲሱ ምን እንደሚጎድለው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ምናልባትም አጎታችሁ ነው።

በአሪዞና በረሃ መሀል በምትገኘው በፓሎ ሴኮ ከተማ ይህ ሰው ክቡር ዱዌይን ስታክፖል ናቸው። ክቡርነታቸው ለረጅም ዘመን የማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከደመወዙ እንጂ ከቁጥጥሩ አይደለም። «እኔ መፍረዴ አይደለም» ብለው ይጀምራሉ፤ «ያየሁትን ነው የምናገረው።» ከዚያ ይፈርዳሉ። ዶና ሉፔ የምግብ ቤቷን ወንበሮች የቀየረች ጊዜ ክቡርነታቸው ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ደግመው ተቀመጡና የኋላው እግር በቅርቡ እንደሚሰበር አስታወቁ። እግሩ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። እሳቸውም እስከ ዛሬ እየጠበቁ ነው።

ራሞን ኢባራ ደክሞታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ የደከመው እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ያስተማረ ጡረተኛ ነው፤ ሚስቱ ኮንሱዌሎ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ሳምንቱ ለእሱ አንድ ቀን ነው፣ ማክሰኞ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይዋ ሳትከፋ፣ እሱና ክቡር ዱዌይን፣ ጡረተኛዋ ነርስ ሎሬታ ቤጌይም በማዘጋጃ ቤቱ የጎልፍ ሜዳ ይገናኛሉ። አራተኛቸው ኤልበርት ነበር፤ እሱም ሞተ። የሬሳ ሣጥኑን ተሸክመው ሲሄዱ ክቡርነታቸው ወደ ራሞን ጆሮ ጠጋ ብለው «ይሄ እጀታ ይላወሳል፣ ብሎኑን አላጠበቁትም» ብለው አንሾካሾኩ። ራሞን እያለቀሰ ነበር። እያለቀሰ ሳቀ፤ የኤልበርት እህትም እስከ ዛሬ በክፉ ዓይን ታየዋለች።

ከዚያ ውሃ ጠፋ። ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳውን ዘግቶ ከሣሩ ግማሹን ነቀለ፣ በቦታው ጠጠርና እሾህ አለበሰ፣ ኳሱ የሚገባባቸውን ጉድጓዶችም ከነባንዲራቸው እየነቀለ ሌላ ቦታ ተከለ። በተከፈተ ዕለት ከንቲባዋ ንግግር ስታደርግ ከጭብጨባው ኋላ እጁን አጣጥፎ የቆመው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«አንድ ዙር እጫወትበታለሁ» አሉ ክቡርነታቸው ለራሞን። «ካለፈ አለፈ። ከወደቀ ግን ዱላዎቼን እሰቅላለሁ። ማክሰኞም በቃኝ።»

ራሞን አልሳቀም። ክቡር ዱዌይን በባዶ ዛቻ አይታሙም፤ ምንጣፍ በተቀየረ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቀይረዋል። ሎሬታ ደግሞ ለሁለት ሰው ብላ በጨለማ እንደማትነሣ ከተናገረች ቆይታለች። እሳቸው ከቀሩ ማክሰኞ ቀረ ማለት ነው። ከማክሰኞ በኋላ ደግሞ ማቀዝቀዣው አለ።

እንዲህ ሆኖ ምርመራው ተጀመረ።

«ባንዲራዎቹን አሳነሷቸው» አሉ ክቡርነታቸው የመጀመሪያው መምቻ ላይ ቆመው።

«ያው ባንዲራ ነው» አለ ራሞን።

«ያው? ድሮ ቀይ ነበር። ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ብዙ ጊዜ የታጠበ ካልሲ ነው የሚመስለው።»

ባንዲራው ቀይ ነው። ራሞን ሊከራከር ፈለገና የቀኑን ሙቀት አሰበ። ተወው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምታና እንሂድ!» አለች ሎሬታ በባትሪ ከሚሄደው የሜዳ ጋሪ ላይ። «ከኋላችን ያሉት ልጆች ጺም ሊያበቅሉ ነው።»

ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ አሸዋውን በጫማቸው መታ መታ አድርገው የወንዝ እንዳልሆነ መሰከሩ። ሦስተኛው ላይ ሣሩ የከረመ ምንጣፍ ነው አሉ። አራተኛው ላይ የመጠጥ ውሃውን ቀምሰው ድሮ ይቀዘቅዝ እንደነበር አስታወሱ፤ ድሮም አይቀዘቅዝም ነበር። ራሞን ጋሪውን እየነዳ ይሰማል። በልቡ ደግሞ የሚታረም የፈተና ወረቀት ይመስል ነጥቡን ይደምራል። እስካሁን ሜዳው ወድቋል።

አምስተኛው ላይ የክቡርነታቸው ኳስ ከሣሩ ወጥታ በረሃ ገባች። በዚህ አገር በረሃ የገባ ኳስ የበረሃ ነው፤ ተከትሎት የሚገባ የለም። ክቡርነታቸውም አልገቡም፤ በሣሩ ዳር ዳር እየሄዱ ሳለ ቀጥ ብለው ከቁልቋሉ ጋር ተላተሙ። ዘላይ ቁልቋል ይሉታል፤ የነካው ሁሉ ላይ እየተቆረሰ ይጣበቃል። ሁለት ድቡልቡል እሾህ ባታቸው ላይ ተተከለ።

«ቁልቋሉን መንገድ ላይ ነው የተከሉት!»

«መንገዱ እዚያ ነው፣ ኮምፓድሬ፣ ወዳጄ። ቁም፣ አትነቃነቅ።» ራሞን ከቦርሳው ማበጠሪያ አወጣ። በፓሎ ሴኮ መላጣ ሰው እንኳ ያለ ማበጠሪያ ጎልፍ አይጫወትም። ጥርሱን ከእሾሁ ሥር አስገብቶ አሽቀነጠረው።

«ታዲያ ምልክት አያቆሙም?»

ምልክቱ አጠገባቸው ቆሟል፤ ቁመቱ የእሳቸውን ያህላል። ራሞን ይህንንም ከግትርነታቸው ቆጠረው። ሎሬታ ግን ከጋሪው ላይ ሆና ትኩር ብላ ታያቸው ነበር። እስከ ስድስተኛው ድረስ አንድም ቀልድ አልወጣትም።

ስድስተኛው በደረቁ ወንዝ ማዶ ያለው አጭር ጉድጓድ ነው። ድሮ ባንዲራው በስተ ግራ፣ ከውሃ ጋኑ ማማ ሥር ነበር። አራቱ እዚህ ስንት ማክሰኞ ተሳድበዋል! ኮንሱዌሎም አንድ ቀን ልታይ መጥታ እዚያች መስኪት የምትባል የበረሃ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ለሁሉም አጨብጭባላቸዋለች፤ ኳሱን ለሳቱትም ጭምር። አሁን ባንዲራው ወደ ቀኝ ሄዷል። ከማማው ሥር ያለው ጠጠር ነው።

ክቡር ዱዌይን ቆሙ። ስለ ምንም ነገር አስተያየት አልሰጡም። ትከሻቸውን አላሉና መቱ።

እንዲህ ያለ ምት ራሞን ከእሳቸው ካየ ዘመን ሆኖታል። ኳሷ ንጹሕ ድምፅ አሰምታ ወጣች፣ ሰማዩ ላይ ትንሽ የቆመች መሰለች፣ ከዚያ ዝቅ አለች። ከማማው ሥር አረፈች። ድሮ ባንዲራው በነበረበት፣ እዚያው ላይ። ጠጠሩ ላይ ነጥራ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

ክቡርነታቸው ፊታቸው በርቶ ዞር አሉ። «ባንዲራው አጠገብ ናት፣ አይደል? ተናገሩ እንጂ! ስለ ሜዳው ምንም በሉ፣ ይቺን አላበላሿትም!»

ከወንዙ ውስጥ ድርጭቶች ይንጫጫሉ።

«ዱዌይን» አለች ሎሬታ ከጋሪው ወርዳ። ድምፅዋ የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የምትናገርበት ነበር። «ባንዲራው የት ነው? በጣትህ አሳየኝ።»

ጣታቸውን አነሡ። ወደ ማማው ጀመሩ፤ ጣታቸው አየር ላይ ተንከራተተ፤ ወረደ።

ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅር። የመስኪቱ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ዱዌይን ብቻ ነው።

«ከዓይኔ መሀሉ ነው የሄደው» አለ። «ዳር ዳሩ አለ። አሁን ፊትህን ሳይሆን ጆሮህን ነው የማየው፣ ራሞን። ጆሮህም ያን ያህል የሚታይ ነገር አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኤልበርት ያውቅ ነበር። ኳሴ የት እንደወደቀች እየጮኸ የሚናገረው ለምን መሰለህ?»

ራሞን ለኤልበርት ልፈፋ ስንት ጊዜ ‹ዝም በል› እንዳለው ትዝ አለው። ከኤልበርት በኋላስ? ከኤልበርት በኋላ ሜዳው ነበር። ዱዌይን እያንዳንዱን ጉብታና እያንዳንዱን ዛፍ በእግሩ ያውቀዋል፤ በሚያውቀው ሲመታ ማንም አልጠረጠረም። ማዘጋጃ ቤቱ ሣር የነቀለ መስሎት የሰውየውን ዓይን ነቀለ።

«እንግዲህ ፍርዴን ስሙ» አለ ዱዌይን ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። «ሜዳው ጥሩ ነው። አሸዋው ልኩ ነው። ውሃ ለቆጠበ ሰው ምን ይባላል? አልፏል። የወደቅሁት እኔ ነኝ። በቃ፣ ቤቴ አድርሱኝ።»

ሎሬታ መዳፏን ዘረጋች። «መጀመሪያ የመኪናህን ቁልፍ።»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«የሰፈሬ ልጆችም ቀስ ብለው ነው መንገድ የሚያቋርጡት። አምጣ።»

ዱዌይን ኪሱን ለረጅም ጊዜ በረበረ፤ ጠፍቶት ሳይሆን አልጨክን ብሎ። ሰጣት። «ሐሙስ የዓይን ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ» አለችው። «መድኃኒት ይኑረው አይኑረው እነሱ ይንገሩን።»

ራሞን አሁን መጽናኛ ቃል መናገር እንዳለበት ገባው። ዕድሜውን ሙሉ ለወላጆችና ለተማሪዎች ሲናገር የኖረው ነው። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ማክሰኞ ያንተ ብቻ መሰለህ? ዱላዬን ሰቀልኩ ትልና ትሄዳለህ! እኔስ? በቤቴ ውስጥ ማንም አይነዘንዘኝም፣ ዱዌይን። ማንም! ቡናዬ ቀጠነ የሚለኝ የለም። የግድግዳውን ቀለም ቀየርኩ፤ የሚሰድበው ሰው አጣሁለት። በየሳምንቱ እስክትሰለቸኝ ድረስ ስሰማህ የኖርኩት ለጤናዬ መስሎህ ነው?»

ዱዌይን ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ፤ በዓይኑ ዳር ሊያየው። «ምን ዓይነት ቀለም ቀባኸው?»

«ቢጫ።»

«ሳሎኑን? ቢጫ?» ዱላውን ጨበጠ። «ያንን ሳላይማ አልሞትም።»

ከኋላቸው ያሉት ልጆች ፉጨት ጀመሩ። ሎሬታ ወደ እነሱ ዞራ እጇን አወናጨፈች። «ጠብቁ! የማዘጋጃ ቤት ምርመራ ላይ ነን!»

ዱዌይን ተነሥቶ ወደ መምቻው ተመለሰ፤ ሎሬታ አዲስ ኳስ አስቀመጠችለት። ራሞን ከኋላው ቆመ፣ ሁለቱን ትከሻዎቹን ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ አዞረው። ትከሻዎቹ ከጠበቀው በላይ ቀጫጭን ነበሩ። ፀሐይዋ ከፍታለች፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ገና ስንት ጉድጓድ ይቀራቸዋል። ራሞን ደክሞታል፣ እንዲህ ደክሞት አያውቅም፤ ቢሆንም ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለገም።

«ባንዲራው በቀጥታ ከፊትህ ነው» አለ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «የሚያምር ቦታ ነው።»

«‹የሚያምር› ብሎ ነገር ምንድነው? ልምታው ወይስ ላግባው? ነፋሱ ከየት ነው? ፊት ለፊት ምን አለ?»

«አሸዋ። በግራ በኩል ትልቅ የአሸዋ ጉድጓድ አለ። ቅርጹ የማይረባ ነው።»

«የማይረባ መሆኑን እኔ እፈርዳለሁ» አለ ዱዌይን፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ዱላውን እያመቻቸ። «አንተ ቅርጹን ብቻ ንገረኝ።»