የለቀቀው ማን ነው?

ነገሩን በትክክል ላላስታውስ እችላለሁ። ጉሙ የወረደው ከቀትር በፊት ይሁን በኋላ ይምታታብኛል። ቃሉን ግን አልረሳሁትም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በአንድ ቃል ነውና።

በእኛ አገር ሰው አይታመምም፤ ይያዛል። ጉንፋን ይይዘዋል፣ ወባ ይይዘዋል፣ ሲብስም ስሙ የማይጠራው ይይዘዋል። ሲድን ደግሞ ለቀቀው ይባላል። «ጉንፋኑ ለቀቀህ?» ብለው ሲጠይቋችሁ ጉንፋኑ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስላል። እናንተም እንዲሁ ትናገራላችሁ፤ አትካዱ። ጠበል ቦታ ከሆነማ «ለቀቀ» ማለት የሚጮኸው ዝም አለ፣ የያዘው ወጣ ማለት ነው። ከዚያ የሚበልጥ የምሥራች የለም።

የእኔ ሥራ መያዝን ማየት ነው። የቆዳችን ሕዋሳት እርስ በርስ ተያይዘው የሚኖሩባቸው ጥቃቅን ማያያዣዎች አሉ፤ እነሱን አጠናለሁ። በተለመደው ማይክሮስኮፕ የደበዘዘ ነጥብ ናቸው። እኛ የምንጠቀምበት ግን ሞለኪውሎቹን ተራ በተራ ብልጭ ድርግም እያደረገ የእያንዳንዱን ቦታ ይለያል፤ ኮምፒውተሩም ብልጭታዎቹን አጠራቅሞ ሥዕል ይሠራል። ያኔ ያ ነጥብ ሁለት መስመር ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ የዚህኛው ሕዋስ፣ ሌላው የጎረቤቱ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጡ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስመለከተው አንዳንዴ ሥዕሉም የሚያየኝ ይመስለኛል። እርግጥ ይህ መረጃ አይደለም።

ለእረፍት ጋይንት ስመጣ የእናቴን ታላቅ እህት እትዬ ጥሩነሽን ንፋስ መውጫ ከተማ ታመው አገኘኋቸው። አፋቸውና ጀርባቸው ውሃ እየቋጠረ ይላጣል። የተያዙትም እኔ በማጠናው፣ ማያያዣዎቹ በሚበጠሱበት ሕመም ነበር። (አያችሁ፣ እኔም «የተያዙት» አልሁ።) ሐኪሙ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሰጥቶ፣ በድንገት ካቆሙት ለሕይወትዎ ያሰጋል ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ክኒኑንም ጠበሉንም አንድ ላይ ይዘዋል። ወደ ጠበሉ የሚያመላልሷቸው ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው።

«አንተ የምታየው ይኼንኑ ነው አሉ። እስቲ አሳየኝ» አሉ እትዬ፣ እማሆይ አጠገባቸው ተቀምጠው።

ላፕቶፑን መደቡ ላይ ከፈትሁ። አስቀድሜ የጤነኞቹን ሕዋሳት አሳየሁ። ቀጥሎ ከሕመምተኛ ደም የተጣራ ፈሳሽ የተጨመረባቸውን አመጣሁ፤ መስመሮቹ ተበጣጥሰው በመካከላቸው ጥቁር ክፍተት ተከፍቷል። ጣቴን ክፍተቱ ላይ አድርጌ፣ «ይኸው፣ እዚህ ላይ ለቋል» አልሁ።



«ለቋል?» አሉ እትዬ።

«በሚገባ ለቋል።»

እማሆይ ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ። ሳይንስ እንዲህ የሚከበርበት ቤት አይቼ አላውቅምና ልቤ ተነካ።

«በየት ወጣ?» አሉ እማሆይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ነፋስ እንኳ መውጫ ባለው ከተማ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ውሃ ስለሚቋጥረው ፈሳሽ የጠየቁኝ መሰለኝ። «የትም አልወጣም፤ እዚሁ ክፍተቱ ውስጥ ይጠራቀማል» አልሁ።

ሦስታችንም ጥቁሩን ክፍተት አየነው። ጉሙ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ገባ። እማሆይ ተነሥተው ነጠላቸውን ላፕቶፑ ላይ ጣል አደረጉበት።

«አትንካው። ማደሪያ አግኝቷል።»

በነጠላው ሥር የሥዕሉ አረንጓዴ ብርሃን ያበራል። መንካት ነበረብኝ፤ የእኔ ዕቃ ነው። አልነካሁትም። ለምን እንዳልነካሁት እስካሁን አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የእትዬ ክኒን ሳይነካ ተቀምጦ አየሁት።

«መድኃኒቱስ፣ እትዬ?»

«ለቆኝ ሳለ ምን ይሠራልኛል? ራስህ አይደለህ ያሳየኸኝ?»

የገባኝ ያኔ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔው ቃል ግን አፋፉ ላይ ያቆመው አክስቴን ነው። ለቋል ካልሁ ክኒኑን እንዳቆሙ ይቀራሉ። አልለቀቀም ካልሁ ደግሞ ያ ነገር ተመልሶ ገባባቸው ማለት ነው፤ በድንጋጤው ብቻ ይወድቃሉ። ለሁለቱም የሚሆን ቃል ስፈልግ ቆየሁ።

«እትዬ» አልሁ በመጨረሻ፣ «የለቀቀው እርስዎን የያዘዎት አይደለም። እርስዎ የያዙት ነው። ቆዳዎ ነው እርስ በርሱ የተላቀቀው።»

እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያዩ ሁሉ።

«እኔ ነኛ የለቀቅሁት?»

«ቆዳዎ ነው።»

«ማን አስለቀቀው?»

«ደምዎ። ጠላት መስሎት የራሱን ወገን ይወጋል።»

«የውጭ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «የውጭውንስ በጠበል አስወጣዋለሁ። ደሜን ወዴት አስወጣዋለሁ?»

ክኒኑ ደሙን ጋብ እንደሚያደርገው ብቻ ነገርኋቸው። ይህን ሁሉ ከደጃፍ ቆመው ሲሰሙ የነበሩት እማሆይ የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው ገቡ።

«በዚህ ዋጪው» አሉ። «ምን ይጎዳሻል?»

እትዬ ክኒኑን በጠበሉ ዋጡት። እኔም ይህን ለመቃወም የሚያበቃ ጥናት አላነበብሁም።

ወደ ሥራዬ ከተመለስሁ በኋላ የዚያ ቀን ነገር እየተምታታብኝ ሲሄድ እናቴ ዘንድ ደውዬ ጠየቅሁ። እትዬ ክኒናቸውን አላቋረጡም፤ ጀርባቸውም ደርቋል። ላፕቶፑ የተቀመጠበት መደብ ላይ ግን፣ እንግዳ በበዛበት ቀን እንኳ፣ እስከ ዛሬ ሰው አይቀመጥበትም።