ሰላምታ የሞላበት ወረቀት

እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ቁም ነገሩን ከሰላምታው ኋላ ነው የምናሰልፈው፤ ተራው ሳይደርሰው ወረቀቱ ያልቃል። እናንተም ብትሆኑ ያው ናችሁ፤ አትካዱ። ስልክ ከመጣ ወዲህ ይህ አመል የቀረ መስሎኝ ነበር። ጦርነቱ መጣና ልጆቹ ማሠልጠኛ ገቡ፤ ስልካቸውን ተቀበሏቸው። ከተማችን ገንዳ ውሃም ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ሰሊጥ ጫኝ ሾፌሮች ፖስተኛ ሆኑ፣ የሐጂ ኑር ሱቅ ፖስታ ቤት፣ እኔም ጽሕፈቴ ይነበባል ተብዬ ጸሐፊ።

አንድ ቀን ከጎረቤቴ ከእትዬ የሺ ልጅ፣ ከማሩ፣ ደብዳቤ መጣ። መጨረሻው ላይ «አባቴን ተሻለው ወይ?» ይላል። አባቱን የቀበርነው እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ነው። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር በወረቀት አይላክም። ሽማግሌዎች ማልደው ይሄዳሉ፣ ባለሐዘኑን የሚደግፍ ዘመድ ያስከትላሉ፣ ከዚያ ያረዳሉ። ማሠልጠኛ ግን ሽማግሌ አያስገባም።

«ብቻውን ከሚሰማውስ ባይሰማ ይሻላል» አሉ እትዬ የሺ። «ልጀን ማን ይይዝልኛል?»

«ተሽሎታል» ብዬ ልጽፍ ስል ሐጂ ኑር እጄን ያዙኝ። «ተው እንጂ፤ በሞተ ሰው ስም መዋሸት ወላሂ ሐራም ነው።»

እትዬ የሺም ኃጢአት ነው አሉ። ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ ሲከለክል ምን ይደረጋል? ብልሃት ተገኘ፤ ወረቀቱን በሰላምታ መሙላት። ባጃጅ ነጂው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጡት፣ ማሩን ዓይተውት የማያውቁት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ ሰላም አሉት። ለጥያቄው መልስ ቦታ ጠፋ። እኛም በጥበባችን ኮራን።

መልሱ ከሌላ ጭነት ጋር ደረሰ። ሱቁ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«የሁላችሁም ሰላምታ ደርሶኛል። የማላውቃቸው ሰዎች እንኳ ሰላም ብለውኛል። አባቴን ግን ደጋግሜ ፈልጌ አጣሁት። እማየ፣ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ ከበውኝ፣ ደግፈውኝ አለቀስኩ። አይዞሽ።»

አገር ምድሩን ደርድረን አንድ ሰው የደበቅን መስሎን ነበር። ለካ ልጁ የሚፈልገው ያንኑ አንዱን ነው። አፈርኩ።

እትዬ የሺ ግን እኔን አላዩኝም። «ያዙልኝ?» አሉ፤ «ጓደኞቹ?»

«ይዘውታል እትዬ።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና አጠገቤ ተቀመጡ። «በል እንግዲህ፣ ለነሱ ጻፍልኝ። ስማቸውን አላውቀውም፤ እናታችሁ ሰላም ትላለች በል።»