በእኔ ፈንታ የተሰለፈው ድንጋይ

ዛሬ ዛሬ ሱቅ ስገባ "ምን ልታዘዝ?" ሲሉኝ አሁንም ድረስ እደነግጣለሁ። መጀመሪያ ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመ ትልቅ ሰው እንዳለ አያለሁ። ማንም ከሌለ የተጠየቅሁት እኔው መሆኔን አምኜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "አንድ ኪሎ ስኳር" እላለሁ። ባለሱቁ መዝኖ፣ በፌስታል አድርጎ፣ "ሌላስ?" ይለኛል። እናንተ ይህን ቃል በየቀኑ ስለምትሰሙት ምንም አይመስላችሁም። እኔ ጎልማሳ በሆንሁበት ዘመን ግን "ሌላስ" ብሎ የሚጠይቅ ሱቅ አልነበረም። የሚታዘዘው ገዢው ነበር።

እርግጥ የዛሬው ዋጋ ያንገበግባል። ጠዋት የጠየቃችሁት ዘይት ማታ ሌላ ዋጋ ይዞ ይጠብቃችኋል። ጎረቤት ተሰብስቦ ይህን እያነሳ ሲያማርር "ድሮ እኮ ዋጋ አይጨምርም ነበር" የሚል ሰው አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው እኔ ነኝ። ውሸትም አይደለም። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ፣ በእኛ ቀበሌ የኅብረት ሱቅ በር ላይ፣ የዋጋ ዝርዝር በሰሌዳ ተጽፎ ተሰቅሎ ነበር። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የዱቄት ወተት ሳይቀር፣ ሁሉም ከነዋጋው፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ። ለዓመታት አንዲት ሳንቲም ንቅንቅ አላለችም። ችግሩ ከሰሌዳው ጀርባ ያለው መደርደሪያ ነበር። ዛሬ ዕቃውን አይተን እንመለሳለን፤ ያኔ ዋጋውን አንብበን እንመለስ ነበር።

ሻጩ ጓድ በለጠ ይባላል። ካኪ ጋዋኑን ለብሶ የሽቦ ወንፊት ከተመታበት መስኮት ጀርባ ይቀመጣል። በለጠ "የለም" ብሎ አያውቅም፤ "አልገባም" ነው የሚለው። ልዩነቱን ልብ በሉ። "የለም" ተስፋ ያስቆርጣል፣ "አልገባም" ግን ሰውን በተስፋ ያኖራል፣ እኛም በተስፋ ኖርን። ሲመዝን ደግሞ ሚዛኑን አያይም፤ የገዢውን ፊት ነው የሚያየው። ፊቱን የወደደለት ሰው ስኳሩ ሞልቶ ይፈሳል፣ ያልወደደለት ጎደል ብሎ ይወጣለታል። የእኔ ፊት ለስኳር የሚሆን አልነበረም።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ነገ ስኳር ይገባል የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ሰው ከዋዜማው ጀምሮ በሱቁ በር ላይ ድንጋዩን ያሰልፋል፤ እሱ ወደ ሥራው፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ እንቅልፉ ይሄዳል። ድንጋዩ ቆሞ ያድርለታል። ማንም አልደነገገውም፣ በየትኛውም ስብሰባ አልጸደቀም፣ ምናልባት ለዚያ ይሆናል በትክክል ይሠራ የነበረው። እያንዳንዱ ቤት የታወቀ ድንጋይ ነበረው፤ ግማሽ ጡብ ያለው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ያለው፣ የሲሚንቶ ስባሪ ያለው። የእኛ ቤት የእናቴ አሮጌ ወፍጮ ስባሪ ነበር። ያለ ድንጋይ የመጣ ሰው በአካል ፊተኛ ሆኖ ቢቆም እንኳ የሚሰማው የለም፤ "ድንጋይህ የታለ?" ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ሁለት ድንጋይ ማሰለፉ ተደርሶበት አንደኛው ድንጋይ አድሃሪ ተብሎ ከሰልፉ ተባሯል። በእውነት እላችኋለሁ፣ ከሰዉ ይልቅ ድንጋዮቹ ሥርዓት ነበራቸው።

የዚያን ሳምንት ስኳር ለእኛ ቤት እንዲያው ስኳር ብቻ አልነበረም። እህቴን ጥሩወርቅን አንድ የወንጂ ልጅ ወድዷት፣ ሽማግሌ እሑድ ከሰዓት እንደሚመጣ መልእክት ተልኮብናል። ልጁ የስኳር ፋብሪካ መካኒክ፣ የሽማግሌዎቹም አለቃ እዚያው ያረጁ ሠራተኛ ናቸው። ወንጂ ማለት ከናዝሬት በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ ወሬ ሳትጀምሩ የምትደርሱበት አገር ነው፤ የእኛ ቤት ግን ስኳር ካየ ሁለት ወሩ። እናቴ ለብድር ወደ ጎረቤት የላከቻቸው ብርጭቆዎች ሁሉ ባዷቸውን ተመልሰዋል። የአየር በአየር ነጋዴዎች ደብቀው የሚሸጡት አለ፤ ዋጋውን ስጠይቅ ግን የጠየቅሁት አንድ ኪሎ መሆኑን ደግሜ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ጠላውማ ተጠምቋል። በእናቴ ሕግ ግን ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር ጠላ አይቀርብለትም። መጀመሪያ ሻይ ነው።

"አባት የሌለው ቤት መሆኑ በሻዩ እንዲታወቅብኝ አልፈልግም" አለችኝ ዓርብ ዕለት። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነበር። እሷ እንዲህ ስትል የወፍጮውን ስባሪ ተሸክሜ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ሦስተኛ ሆኜ አስቀመጥሁት። በእግሬ ነካ ነካ አድርጌ አስተካከልሁትና ተረጋግቼ ተመለስሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ ሰልፉ የለም። አንድም ድንጋይ የለም። ሜዳው በዛፍ ቅርንጫፍ ተጠርጎ መስመር መስመር አውጥቷል፣ ውሃም ተርከፍክፎበታል። መሐሉ ላይ ጓድ ዘነበች መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ በኩራት ታየዋለች። ዘነበች የቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ኃላፊ ናት። ከክፍለ ሀገር ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ወጣቶቹን በሌሊት አስወጥታ "በዚህ መንገድ ላይ አንዲት ድንጋይ እንዳላይ" ብላ አዛለች። ወጣቶቹም እንደታዘዙት አደረጉ። የሚገርማችሁ፣ ሰባተኛው ላይ የነበረው ድንጋይ የራሷ የዘነበች ነው። እሱም ተጠርጓል። ሰው ሁሉ ከቧት ሲያያት ነው የገባት፤ ወደ ጠረገችው ሜዳ ዞር ብላ አይታ፣ "ውይ፣ የኔንም" አለች ቀስ ብላ።

ድንጋዮቹ ከሱቁ ጀርባ ያለው ቦይ ውስጥ ከሌላ ድንጋይ ጋር ተደባልቀው ተከምረዋል። ያን ጠዋት ያየሁትን ትርምስ ደግሜ አላየሁም። የተከበሩ የቤት እመቤቶች ቦይ ገብተው ይቆፍራሉ፤ አንድ መምህር ጡብ ታቅፎ "ይቺማ የኔ ናት፣ በጥርሷ አውቃታለሁ" ይላል። እኔም ስባሪዬን አገኘኋት። ግን ምን ዋጋ አለው? ድንጋይ ተራ ቁጥሩን ግንባሩ ላይ አልጻፈም። ከቦይ የወጣው ድንጋይ ሁሉ አንደኛ የነበረ ሆነ።

ያልተጠረገ አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ የኦቦ ገመቹ። ኦቦ ገመቹ በከሰል ንግድ የሚተዳደሩ ረጋ ያሉ አዛውንት ናቸው። ድንጋይ መሸከም ስለማይወዱ ከመሬት ገብቶ የተቀበረውን አንዱን የራሴ ብለው ይዘው፣ ሰልፉ እሱ ጋ ሲደርስ ተራቸው ይሆናል። ወጣቶቹ ሊነቅሉት ታግለው አቅቷቸው ዙሪያውን ጠርገው ትተውታል። ኦቦ "አካም ቡልተኒ" ብለው ሁላችንንም በእርጋታ ሰላም አሉና ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ዘጠነኛ ነኝ" አሉ። "ከፊቴ ስምንት ሰው ነበረ። ስምንቱን ቁጠሩና ጨርሱት።"

ተቆጠረ። ከኦቦ ገመቹ በፊት ነበርሁ የሚል ሰው ሠላሳ አንድ ሆነ።

በለጠ በሽቦው መስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ "ሰልፍ ካላየሁ አልሸጥም" አለና አንገቱን መለሰ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ስብሰባ። ዘነበች እዚያው ግራሩ ጥላ ሥር ስብሰባ ጠራች። መፈክር ተሰማ። አጀንዳ ተያዘ፤ "ስለ ድንጋዮች አቀማመጥ ተወያይቶ መወሰን" የሚል። ከዚያ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ተፈለገና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል። ሰሌዳው ላይ ያለው የስኳር ዋጋ የማን ጽሑፍ ይመስላችኋል?

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኛል። ሦስተኛ መሆኔን በራሴ እጅ ቃለ ጉባኤው ላይ ላሰፍር ነው ብዬ አስቤ ነበር። ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለሱቁ መስኮት ሰጥቼ መጻፍ ጀመርሁ። መምህሩ ስለ ጡቡ ረዘም ያለ አስተያየት ሰጠ፤ ጻፍሁ። አንዲት ሴት ድንጋዬ ተሰብሯል፣ በሁለት ይቆጠርልኝ አለች፤ ጻፍሁ። ዘነበች ተነሥታ ግለ ሒስ አደረገች፤ እሱንም አሳምሬ ጻፍሁ። የተሰብሳቢው ቁጥር እየሳሳ ሲሄድ ጭቅጭቁ የቀለለ መስሎኝ ተደሰትሁ። በመጨረሻ ሦስት አባላት ያሉት የድንጋይ አጣሪ ኮሚቴ እንዲቋቋም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሉ ድምፁ የዘነበችና የእኔ ነበር፤ ቀና ስል ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

ለካ ሰዉ ከኋላ ከኋላ እየሾለከ በእግሩ ተሰልፎ ነበር። በለጠ እንደሆነ ሰልፍ ይኑር እንጂ የማን ሰልፍ እንደሆነ ግድ የለውም። ኦቦ ገመቹ እንኳ ስኳራቸውን ይዘው፣ ለቅሶ ቤት አለብኝ ብለው፣ ወደ ደራ በሚሄደው መኪና ከተሳፈሩ ቆይተዋል። እኔና ዘነበች መስኮቱ ጋ ደረስን።

"አልቋል" አለ በለጠ። ከዚያ ፊታችንን አየና ትንሽ ያዘነ መሰለኝ። "የጫማ ቀለም አለ።"

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ። ከወረቀት በቀር ምንም አለመያዜን አየች። "ይኼ ምንድን ነው?" አለች።

"ቃለ ጉባኤ።"

"ለሻይ ይሆናል?"

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገባችና የሻይ ብርጭቆዎቹን ካጠበቻቸው በኋላ እንደገና ታጥባቸው ጀመር። ያን ያህል ማፈሬን አላስታውስም። የአንዲት እህቱን ሽማግሌ ሻይ ማጣፈጥ ያልቻለ ወንድም፣ የሠላሳ ሰው ንግግር ግን ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር በወረቀት አስፍሯል።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አራት ናቸው፤ አለቃቸው አቶ ደምሴ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ከበሩ ሥር አስደግፈው ገቡ። እናቴ ሻዩን በቅርንፉድና በዝንጅብል አፍልታ በትሪ አቀረበች። ስኳር የሚቀመጥበትን ዕቃ አላመጣችውም። ለይቅርታ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ቅዳሜ ማታ ስትለማመደው ሰምቻለሁ። አፏን ልትከፍት ስትል አቶ ደምሴ ብርጭቆውን አንሥተው ጎንጨት አሉ።

ደግመው ጎንጨት አሉ።

"ወይዘሮ አስካለ" አሉ፣ "እኔ የምውለው ስኳር ሲፈላ ነው። ልብሴም፣ ቤቴም፣ እንጀራዬም ስኳር ስኳር ይላል። ሻይ፣ ሻይ ሲል የቀመስሁት ዛሬ ነው። ካላስቸገርሁ ይድገሙኝ።"

ውሸታቸውን ነው። የመጀመሪያውን ሲውጡ ጉሮሮአቸው እሺ እንዳላለ በሩ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። ሦስቱም ሽማግሌዎች አለቃቸውን አይተው ያንን መራራ ነገር ጥርሳቸውን ነክሰው ጨለጡት፤ በስተመጨረሻ የተቀመጡት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ "እውነትም፣ እውነትም" አሉ። እናቴ ሁለተኛውን እስከ አፉ ሞልታ ቀዳችላቸው።

ከዚያ አቶ ደምሴ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ስለ መጡበት ጉዳይ መናገር ጀመሩ። እንደ ደንቡ ከሆነ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አያገኝም። ዘመድ ይጠየቃል፣ ዘር ይቆጠራል፣ "ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" ይባላል፣ እንደገና ይባላል። እናቴም የልጁን ቤተሰብ እስከ ሰባት ቤት የምታጣራበት ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስታሰናዳ ከርማለች። አቶ ደምሴ ገና "ልጃችን ልጃችሁን" ሲሉ ትሪውን መሬት አስቀመጠችና፣ "ሰጥቻለሁ" አለች።

ሁለተኛው ብርጭቆ ገና አላለቀም ነበር።