የአያ መርሻ ዘይት

ሞተር የሚታመመው ዘይት ሲያጣ ብቻ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጥጋብም ይጥለዋል።

ልጄ ይበልጣል ባለ አራት ጎማ ሞተር አለው። መኪና በማይወጣው አቀበት ከድብ ባሕር ከተማ ወደ መንደራችን እህልና ሰው ያመላልስበታል። በዘይቱ ነገር ቀልድ አያውቅም። መለኪያ ዘንጉን መዝዞ ያያል፤ ዘንጉ ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ ዘይቱ በመካከላቸው ከሆነ ሸጋ ነው። ግን መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት ይላል። በእኛ አገር ሜዳ የት አለ? አባቶቻችን ደልዳላውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው እኛን ገደሉ ላይ አስቀመጡን። ይገባል፤ አላማረርኩም። ስለዚህ ልጄ ዘይት የሚያየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ነው። አንዷ ጎረቤቴማ "ደሙን እየለካው ነው" ብላ ለልጇ ስታስረዳ ሰምቻለሁ።

በዐቢይ ጾም ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ጠናባት። "እህቴን ሳላይ እንዳልሞት" አለች ተብሎ ተላከብኝ። መንደሯ ከገደሉ ማዶ ነው። በእግሬ ልነሳ ስል ይበልጣል እኔ እያለሁ ምን በወጣሽ ብሎ ነዳጅ ሊያመጣ ሄደ። እኔ ጓዳ ስንቅ እቋጥራለሁ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ መርሻ አብሮን ሊሄድ መጥቶ፣ ደጃችን ተዳፋቱ ላይ የቆመውን ሞተር ዘንግ መዘዘው። መሬቱ ዘንበል ስላለ ዘይቱ የጎደለ መሰለው። መንገደኛ እንዴት ባዶ ሆዱን ይወጣል ብሎ፣ ልጄ ያስቀመጠውን ዘይት እስከ አንገቱ ሞላበት። ለማንም አልተናገረም። ደግ ሰው ነው፤ በጎ ሥራውን አያወራም።

አቀበቱን እንደተያያዝነው ሞተሩ ያጓራ ጀመር። ቀጥሎ ጭስ። የእህቴ ቤት ማዶ እየታየን ቀጥ አለ።

"ጠምቶት ነው፤ ትንሽ ጨምርለት" አለ አያ መርሻ።

ይበልጣል ገፍቶ እንደ ምንም ደልደል ያለች ቦታ አቆመውና ቆይቶ ዘንጉን መዘዘ። ዘይቱ ከላይኛው ጭረት አልፎ አረፋ ደፍቋል። የአየር ማጣሪያውን ከፈተ፤ እሱም በዘይት ርሷል።

"ማነው የጨመረበት?"

"እኔ ነኝ... ለመንገዱ ብዬ" አለ አያ መርሻ።

"ምነው አያ! ሞተር እኮ እንደ ሰው በግድ አይጋበዝም!"

የበዛው እስኪቀነስና ማጣሪያው እስኪጸዳ ሊቆይ ነው። በእግሬ ልቀጥል ነጠላዬን አጠበቅሁ። አያ መርሻ አንገቱን ደፍቶ አየሁት። ጥዬው ብሄድ ተቀይማኝ ነው ይላል። በጾም ሽማግሌ ላሳዝን?

"ሂጂ እንጂ አንቺ" አለኝ።

"አብረን እንደርሳለን አያ" ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ የታችኛውን ቡሎን ፈትቶ ትርፉን በጣሳ ቀዳ፤ ማጣሪያውን ጨመቀ፤ ዘንጉን ደጋግሞ አየ። እኔ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ፀሐይ አዘቀዘቀች።

ስንደርስ ሰው ደጅ ሞልቷል። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

አያ መርሻ ከእኔ በላይ አለቀሰ። እሱን ሳባብል የራሴን እህት በወጉ አላለቀስኳትም። ያን ድንጋይ ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ምን ነበር ብነሳ? እሱ ቢቀየም ይቅርታ እጠይቀው ነበር፤ እሷን ማን ይመልሳታል?

ለአርባዋ ስሄድ ይህንኑ ለልጇ ነገርኳት።

"ሰምታሻለች እኮ አክስቴ" አለችኝ። "ሞተሩ ማዶ ሲያጓራ፣ 'ይቺ እህቴ ናት፤ ሹሮ ጣጂላት' ብላ ተኛች። በዚያው ቀረች።"

ሹሮው ጠብቆኛል። እሷ ናት ያልጠበቀችኝ።

ይበልጣል እንደሚለው ዘይቱ ልክ ቢሆን ኖሮ የሞተሩ ድምፅ ገደሉን አይሻገርም ነበር። ለአያ መርሻ ግን ይህን አልነገርነውም። ከሰማ የድብ ባሕርን ሞተር ሁሉ እስከ አንገቱ ይሞላዋል።