መቶ በመቶ ዝግጁ የሆነው ጣቢያ

ሥልጣኔ በሐርጌሳ ዳርቻ የወረደችበት ዕለት ሐሙስ ነበር። ያረፈችውም ከከተማው ወጥቶ ወደ ገጠር በሚወስደው ጎዳና ዳር፣ ከግመል ወተት ሻጮቹ ዳስ ትይዩ ነው። ሪባን ተቆረጠ፤ ሦስት ረጃጅም ንግግሮች ተደረጉ። ከዚያም የክብር እንግዶቹ በናፍጣ መኪኖቻቸው ገብተው፣ አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ በጥቁር ጭስ አጥነው ተመለሱ።

ጣቢያውን እንዲጠብቅ፣ ሲበላሽም እንዲጠግን የተቀጠረው ቢያድግልኝ ነበር። የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ሐርጌሳ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን ዳሚ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እስከዚያ ቀን ድረስ በየግንባታው ሽቦ ሲዘረጋ ኖሯል። አዲሱ ሥራ ስላኮራው ለእናቱ ደውሎ «ከእንግዲህ መኪና መብራት አበላለሁ» አላት።

«እኛ ዘንድ ለሰውም አልተዳረሰ» አለችው።

በመጀመሪያው ወር አንድም መኪና አልመጣም። በሁለተኛውም ወር ጣቢያው በዚሁ አቋሙ ጸና። ቢያድግልኝ በየጠዋቱ ማሽኑን ይወለውላል፣ አቧራው በየቀትሩ ይመለሳል፤ ከአቧራው በቀር ደንበኛ የለም። በመጨረሻ ጨነቀውና ሥራ አስኪያጁን ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ዱዓሌ ጅግጅጋ ያደገ፣ አማርኛው የሰላ፣ በዚያ ሙቀት ከረባቱን የማይፈታ ሰው ነው።

«አለቃ፣ ሰው ለምን አይመጣም?»

«መኪናው ስለሌለ ነዋ።»

«መኪናው ለምን የለም?»

«ማን ይገዛዋል? ጣቢያ ሳይኖር!»

«ይኼስ?»

«አንድ ነው። በአንድ ጣቢያ ማን ተማምኖ ይገዛል? አትቸኩል፤ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል።»

ቢያድግልኝ፣ እንቁላሉ መጀመሪያ መጣል አለበት ሊል ዳዳውና ተወው። ጥበቃ ከሥራ አስኪያጅ ጋር በተረት አይከራከርም።

ከዚህ ይልቅ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ከትይዩ ወተት የምትሸጠው ዴቆ ስልኳ በሞተ ቁጥር ወተቱን ከገጠር ከሚልኩላት ሰዎች ጋር ትቆራረጣለች፤ ወተቱም ይበላሽባታል። የጎረቤቶቿም ዕጣ ያው ነው። «ማሽኑ ሥራ ፈት ነው፤ ከግድግዳው አንድ ማከፋፈያ ዘርግተን የሴቶቹን ስልክ በትንሽ ክፍያ ቻርጅ ብናደርግስ?» አለ።

ዱዓሌ መነጽሩን አወለቀ። «ስልክ ጎማ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያስ ተሽከርካሪ አይደለም። ዓላማችንን አንሳት!»

ዓላማው አልተሳተም። በሦስተኛው ወር ናይማ የምትባል፣ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች የአዋጭነት ጥናት ባለሙያ ታብሌቷን ይዛ መጣች። ሳይንስ እንደሚያዘው ቢያድግልኝን በጥያቄ መረመረችው።

«አሽከርካሪ መጥቶ ማሽኑ ተይዞ ያገኘበት ጊዜ አለ?»

«አንድም ጊዜ የለም።»

«ተበላሽቶ ያገኘበትስ?»

«ማን መጥቶ ያበላሸዋል?»

ናይማ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀችና «የአገልግሎት ዝግጁነት፦ መቶ በመቶ» ብላ ጻፈች። «አዋጭነት» ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ «ወደፊት» አለች። ዱዓሌ ዕንባው መጣ። በሠለጠነው ዓለም እንኳ ያልተገኘ ቁጥር እዚህ፣ በወተት ሻጮች ፊት ለፊት ተገኘ! ሪፖርቱ ለገንዘብ ሰጪዎች ተላከ፤ እነሱም ተደንቀው፣ ዐሥራ ሁለት ተመሳሳይ ጣቢያዎች በገጠሩ ለመትከል ከመወሰናቸው በፊት በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጥ ተወካይ እንደሚልኩ አስታወቁ።

ተወካዩ በሚመጣበት ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ያለ ድምፅ እየተንፏቀቀች መጥታ ጣቢያው ፊት ቆመች። ቢያድግልኝ መጀመሪያ ሞተሩ የጠፋባት መስሎት ሊገፋ ተነሣ። የኤሌክትሪክ ናት። የወረደችው ሱማያ የምትባል አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ መኪናዋን ወንድሟ ከዱባይ ልኮላት ነው።

«አራት በመቶ ቀርቶኛል» አለችው በሶማልኛ። «ከዚህ አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ነው። ሌላ መኪና ፈልጌ አጣሁ። ይሠራል ይኼ?»

ቢያድግልኝ ዱዓሌ ጋር ደወለ።

«አለቃ፣ መኪና መጣች! የኤሌክትሪክ!»

«ምን ፈልጋ?»

«ቻርጅ።»

«ዛሬ? ተወካዩ ዘጠኝ ሰዓት ሊገባ? መጥቶ ማሽኑን ተይዞ ቢያገኘውስ? መቶው ዘጠና ምናምን ቢሆንስ? ነገ ትምጣ!»

«ምጥ የያዛት ሴት ጋ እየሄደች ነው፤ ሴትየዋንስ ነገ ውለጂ ልበላት?»

«ስማ፣ እኛ ጣቢያ ነን እንጂ ሆስፒታል አይደለንም። እንዳትሰካ!»

ቢያድግልኝ ስልኩን ዘጋ። ታላቅ እህቱ ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ስትወሰድ፣ መንገድ ላይ፣ ከነልጇ ነው የቀረችው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ሱማያን ቀና ብሎ ሳያይ ገመዱን ፈታና ሰካው። ማሽኑ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴ አበራ። ዴቆ መንገዱን ተሻግራ ለነርሷ አንድ ኩባያ ወተት ሰጠቻት፤ ሦስቱም ቁጥሩ ሲወጣ ቆመው እንደ እሳት ሞቁት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዱዓሌና ተወካዩ ደረሱ። ዱዓሌ ከመኪናው ሳይወርድ ላብ አጠመቀው። «ይቅርታ ያድርጉልን» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ደንበኛ ገብቶብን ነው። ጊዜያዊ መስተጓጎል ነው፤ አሁኑኑ ይስተካከላል።» ተወካዩም በሐዘን ማስታወሻ ያዘ። ሱማያ ሰባ በመቶ ሲሞላላት ነቅላ ከነፈች።

የስንብቱ ደብዳቤ በማግሥቱ ደረሰ። በሦስት ማኅተም የተከበረ ነበር። «በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ ለደንበኛ አገልግሎት ሲሰጡ በመገኘትዎ፣ የጣቢያውን ዝግጁነት ከመቶ ዝቅ ስላደረጉ…» ይላል። ቢያድግልኝ ደብዳቤውን ይዞ ዴቆ ዳስ ሥር እንደተቀመጠ ነጯ መኪና መጥታ ቆመች።

«ሴት ናት» አለች ሱማያ በመስኮቱ። «እናቷም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ደብዳቤውን እንደገና አነበበው። የሰዋስው ስሕተት እንዳለበት ያየው ያን ጊዜ ነው።

ዴቆ ከዳሷ ግማሹን ለቀቀችለት። እሱ ሁለት ያገለገሉ የፀሐይ ፓነሎችና አንድ የጭነት መኪና ባትሪ ፈልጎ፣ ባለ ዐሥር ቀዳዳ ሰሌዳ ሠራ። በሳምንቱ የወተት ሻጮቹ ስልክ፣ የግመል ነጂዎቹ ባትሪ፣ የአንድ ሼክ ሬዲዮ፣ የልብስ ሰፊው የእጅ መብራት በላዩ ተደረደረ። ሰልፉ ዳሱን አልፎ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ከመንገዱ ማዶ ታላቁ ጣቢያ ማንም ሳይነካው፣ ወደ መቶው እየተጠጋ ያንጸባርቃል።

ዝናው ናይማ ጆሮ ደረሰ። ታብሌቷን ይዛ ዳሱን ልታጠና መጣች።

«ነጻ ቀዳዳ አለ?»

«የለም።»

«ትናንትስ?»

«አልነበረም።»

«ባለፈው ሳምንት? አንድ ጊዜ እንኳ?»

«እቴ፣ ሰው ተሰልፎ እንዴት ነጻ ይሆናል?»

ናይማ ከልቧ አዘነችለት። «ዝግጁነት፦ ዜሮ» ብላ ጻፈች። «ይህ ዓይነቱ ጣቢያ የከሸፈ በመሆኑ በሌሎች ቦታዎች እንዳይደገም…» የምትለውን ምክር ልትጨርስ ስትል ታብሌቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ። ጥቁሩን መስታወት ትንሽ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቢያድግልኝ ዘረጋችለት።

«ስንተኛ ነኝ?»

ቢያድግልኝ አንገቱን አስግጎ ሰልፉን ቆጠረ።

«ዐሥራ አራተኛ» አላት በትሕትና። «ከዚያ ግመል ከያዙት አባት ቀጥሎ።»